ደረሰኙ ከላይ ይጀምር፤ የሮቤ ባለሱቅና የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ

ከሮቤ (የአርሲዋን ማለቴ ነው፣ የባሌዋን አይደለም) ሸቀጥ ለማምጣት መርካቶ የሚሄድ ነጋዴ ዋጋ ሳይነገረው በፊት አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሁለቱ ዋጋ ይለያያል። ያለ ደረሰኙ ይረክሳል። አንዳንዴ ደግሞ በደረሰኝ የሚሸጥ ጭራሽ አይገኝም። የገቢዎች ሚኒስቴር ግብይቱን ወደ ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ለማስገባት የጀመረው ሥራ የሚፈተነው፣ በእኔ ግምት፣ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የደረሰኝ ግዴታ አዲስ አይደለም። ካሽ ሬጅስተር የምንለው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ግዴታ የሆነው በደንብ ቁጥር 139/1999 ነው። አሁን የመጣው ለውጥ ደረሰኙ ሲቆረጥ በሚኒስቴሩ ሥርዓት ውስጥ እንዲመዘገብ መፈለጉ ነው። የእጅ በእጅ ደረሰኙም ቢሆን ኪውአር ኮድ እንዲኖረው ተደርጓል፤ ገዢው እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ይችላል። ይህን እደግፋለሁ። በሐሰተኛ ደረሰኝ ወጪውን ያሳበጠው ነጋዴ ሲያተርፍ በሐቅ የሠራው ሲከስር አይተናል። ግብር ራሱ በሸሪዓ እንዴት ይታያል የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ ለዛሬ ልለፈው። ሐሰተኛ ደረሰኝ ግን የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ይህ አያከራክርም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ድሮ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ ዛሬ ሮቤ ላይ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። «ቲቸር፣ እኔ ደረሰኝ መቁረጥ አልጠላሁም። የገዛሁበትን ማን ይስጠኝ?» አለኝ። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆነ ሰው በ100 ሺህ ብር ያለ ደረሰኝ የገዛውን ዕቃ፣ ታክሱን ጨምሮ በ110 ሺህ ብር በደረሰኝ ሸጠው እንበል። ትርፉ 10 ሺህ ነው። በ15 በመቶ ስሌት የሚፈለግበት ታክስ ግን ከ14 ሺህ ብር ይበልጣል፤ የሚቀናነስለት የግዢ ደረሰኝ የለውማ። ደረሰኝ ካልቆረጠ ደግሞ የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ለአንድ ግብይት 50 ሺህ ብር ቅጣት አስቀምጧል። ኅዳር 2017 መርካቶ ውስጥ ሱቆች የተዘጉት በዚሁ የደረሰኝ ቁጥጥር ሰሞን፣ ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር።

ትንሽ ነጋዴ ነኝና አይነካኝም የሚል ካለ ደግሞ ቁጥሩን ይይ። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት «ለ» የሚባለው ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ነው። ይህ በቀን ሲካፈል 5,500 ብር ገደማ ነው። ትርፍ አይደለም፣ ሽያጭ ነው። አንድ ሁለት ጀሪካን ዘይት የሸጠ ሱቅ ይደርስበታል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ዱቤው ነው። በአርሲ ደጋ ገበሬው ቆርቆሮውንም፣ ዘይቱንም፣ የልጆቹን ጫማም የሚወስደው ኮምባይነር ማሳው ገብቶ ስንዴው ወይም ገብሱ እስኪሸጥ ድረስ በዱቤ ነው። ታክሱ ግን ዕቃው ሲሰጥና ደረሰኙ ሲቆረጥ ይታሰባል፤ ብሩ እስኪገባ አይጠብቅም። ባለሱቁ ገና ያልተከፈለውን ዕቃ ታክስ ከኪሱ ይከፍላል። ቢያዘገይ ወለድ ይታሰብበታል። ከባንክ ወለድ ሲሸሽ የኖረ ሰው በዚህ በር ሊገናኘው ነው። ስለዚህ ብዙዎች የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ዱቤው በደብተር ይያዛል፣ ደረሰኙ ይቀራል።

ሱረቱል በቀራ ውስጥ ያለው 282ኛው አንቀጽ፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ነው። የጊዜ ቀጠሮ ያለው ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ እንዲጻፍ ያዛል፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ትእዛዙን የተወደደ እንጂ ግዴታ አይደለም ብለው ቢረዱትም። ከእጅ ወደ እጅ የሚያልቀውን ንግድ ባለመጻፍ ግን ኃጢአት የለም ይላል። ጸሐፊውም ምስክሩም እንዳይጎዱ ይከለክላል። እኛ ዘንድ ያለው አሠራር ተገልብጧል፦ ወዲያው የሚከፈለው ደረሰኝ ያገኛል፣ ዕዳው ተደብቆ ይቀራል፣ ሐቁን የጻፈውም በመጻፉ ይጎዳል።

ሌሎች እንዴት አደረጉት? ጅዳና ሪያድ ሠርተው የተመለሱ ወገኖቻችን የሳዑዲውን «ፋቱራ» ያውቁታል። ደረሰኙን ከታክስ ባለሥልጣኑ ሥርዓት ጋር ማገናኘት በጃንዋሪ 2023 ሲጀመር የመጀመሪያው ዙር ዓመታዊ ገቢያቸው ከ3 ቢሊዮን ሪያል በላይ የሆኑ ድርጅቶችን ብቻ ነበር የያዘው፤ ከዚያ በየዙሩ ወደ ታች ወረደ። ኬንያ ደግሞ በ2024 መጨረሻ ሕጓን አሻሽላ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ5 ሚሊዮን ሽልንግ ከማይበልጥ ገበሬ ወይም አነስተኛ ነጋዴ የሚገዛ ሰው ደረሰኙን ራሱ እንዲያወጣ አደረገች።

እኛም ዘንድ ቅደም ተከተሉ ከአስመጪውና ከጅምላ ሻጩ ቢጀምር የሮቤው ሱቅ ግማሽ ችግሩ በራሱ ይፈታል። አሁን ግን የሮቤው ግለሰብ ነጋዴ ተጠሪነቱ ለኦሮሚያ ገቢዎች ነው፣ የመርካቶው ሻጭ ለአዲስ አበባ ገቢዎች ወይም ለፌዴራሉ። የሮቤው ገቢዎች ሠራተኛ ባለሱቁን መጠየቅ ይችላል፤ የመርካቶውን ሻጭ ግን አይደርስበትም። ሥርዓቱ ሦስቱን ካገናኘ ቢያንስ ደረሰኝ የከለከለው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ለዱቤ ሽያጭም የታክሱ መክፈያ እስከ መኸር የሚቆይበት መንገድ መታሰብ አለበት፤ ይህን መጠየቅ ያለባቸው የየከተማው የንግድ ማኅበራት ናቸው፣ እስካሁን ብዙም ሲናገሩ አልሰማሁም።

ተማሪዬ እስከዚያው ሁለት ነገር ጀምሯል። ለሚገዛው ዕቃ ሁሉ ብሩን በጥሬው ሳይሆን በባንክ ወይም በቴሌብር ያስተላልፋል፤ ደረሰኝ ባይተካም የከፈለበት ማስረጃ ይቀርለታል። የዱቤ ደብተሩንም ገበሬው ፊት፣ ሁለት ሰው አስፈርሞ ነው የሚሞላው።