የገዛነው በእርግጥ ነጭ ጋዝ ነውን?

ክረምቱ ሲጠነክር እንጨቱ ይረጥባል፤ የኤሌክትሪክ መብራትም አልፎ አልፎ ይጠፋል። በዚህን ጊዜ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች የሚኖሩ ብዙ እመቤቶች ወደ ጋዝ ምድጃቸው ይመለሳሉ። በገጠሩም ቢሆን ኩራዝ ጨርሶ አልተሰናበተም። ስለሆነም በዛሬው ዓምዳችን ስለ ነጭ ጋዝ፣ በብዙዎቻችን አጠራር ስለ ላምባ፣ አመራረጥና አያያዝ ልናወጋችሁ ወደናል።

ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝና ናፍጣ ሦስቱም ከአንድ ድፍድፍ ነዳጅ የሚወጡ ናቸው። የሚለያዩት በዋናነት በአተናነናቸው ነው። ነጭ ጋዝ እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ካልሞቀ በቀር በክብሪት የሚያያዝ በቂ ተን አይሰጥም። ምድጃው ሲለኮስ ክሩ ላይ ያለው ብቻ እየነደደ በመያዣው ውስጥ ያለው ጸጥ ብሎ የሚቀመጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ቤንዚን ግን ውርጭ በወረደበት ሌሊት እንኳ ይተናል። ጥቂት ቤንዚን ከነጭ ጋዝ ጋር ከተደባለቀ፣ በመያዣው ውስጥ ባዶ የሚመስለው ቦታ በሚቀጣጠል ተን ይሞላል። ያን ጊዜ ክብሪት የጫረችው እናት በእጇ የያዘችው ምድጃ ሳይሆን ፈንጂ ነው።

ይህ መደባለቅ ሁልጊዜ ከክፋት የሚመጣ አይደለም። በበጋ ለመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም ለባጃጅ ቤንዚን የተመላለሰበት ጀሪካን፣ በክረምት ነጭ ጋዝ ይቀዳበታል። ስለዚህ ለነጭ ጋዝ ብቻ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለዩ፤ ምልክትም አድርጉበት። (ይህን ባለቤቶቻችሁም ቢያነቡት አይከፋም፤ ጀሪካኑን የሚያመላልሱት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸውና።) በየመንገዱ ዳር በጠርሙስ ከሚቸረቸረው ይልቅ ከማደያ መግዛት ይመረጣል።

አንድ ጠብታ በወረቀት ላይ ብታደርጉ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ግን ቅባታም ምልክቱ ይቆያል። ዳሩ ግን ጥቂት ቤንዚን የገባበትን ነጭ ጋዝ ይህ ፈተና አይለየውም። ሽታው የቤንዚን ሽታ ከሆነባችሁ፣ ገንዘቤን አወጣሁበት ብላችሁ ምድጃ ውስጥ አትጨምሩት። በእሳት ለኩሶ መሞከርማ ከቶ የማይታሰብ ነው።

ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይፈነዳም፤ ሆኖም ባለ ክር ምድጃ የተሠራው ለእርሱ ስላልሆነ ይጨሳል፣ ክሩን ይደፍናል፣ ድስቱን ያጠቁራል።

ጋዝ የሚሞላው ምድጃው ጠፍቶ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በተቻለ መጠን በቀን፣ ከቤት ውጭ ነው። ወጡ ሳይበስል ጋዙ አለቀ ብላችሁ እሳቱ ሳይጠፋ አትጨምሩ፤ ኩራዝ አጠገብ አስቀምጦ መቅዳትም እንዲሁ ክልክል ነው። ጋዙ ተደፍቶ ቢቀጣጠል ውኃ አትድፉበት፤ የሚነደውን ጋዝ ያንሳፍፈውና ያሰራጨዋል። አፈር ወይም አሸዋ አልብሱት። ለተቃጠለ ገላ ደግሞ ቅቤም ሆነ ሊጥ ሳይቀቡ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ጋዝን የፈሩ ወደ ከሰል ይሄዳሉ። ለቡናውና ለወጡ መልካም ነው፤ በር ተዘግቶ በሚተኛበት ክፍል ግን ለሙቀት ብላችሁ አታስገቡት። የከሰል መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። እንጀራውን በጭራሮና በባሕር ዛፍ ቅጠል ለምትጋግሩ፣ በ1980ዎቹ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ይህን ጉዳይ በሌላ ቀን በሰፊው እንመለስበታለን።

ሌላው አሳሳቢ ነገር የአስቀማመጡ ነው። ነጭ ጋዝ ውኃ ይመስላል። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ተደርጎ ከአልጋ ሥር የተቀመጠ እንደሆነ፣ የተጠማ ሕፃን አንስቶ ይጠጣዋል። ይህ ቢደርስ ሕፃኑን ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ሲያስታውክ ጋዙ ወደ ሳንባው ይገባልና። ወተትም አታጠጡት። ሳትዘገዩ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፤ የጠጣበትንም ጠርሙስ አትርሱ።