ሻምበል፣ ሰፈርዎ ይጠራዎታል

የሳንሱሲ ሰዎች! ሚያዝያ 27 በደረሰ ቁጥር አባት አርበኞች ሜዳሊያቸውን ደርድረው አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ይቆማሉ። እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ በማግስቱ ግን ማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሰፈራችን ጡረተኛ ወታደሮችም ስማቸው የሚነሳው ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ወይም ለዕርቅ ሽማግሌ ሲፈለግ ነው። ይህ ይብቃ እላለሁ። እነዚህ ሰዎች ገና ያላስረከቡን ብዙ ሙያ አለ።

ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃን የምናውቀው በጀግንነቱ ነው። ጦርነቱ ባበቃበት በ1953 እ.ኤ.አ. ግን እነዚያው ወታደሮች በዶንግዱቾን ከተማ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ቦሁዋዎን ይባል ነበር። ከደመወዛቸው እያዋጡ፣ ቋንቋቸውን እንኳ የማያውቁትን ልጆች አበሉ፣ አለበሱ። ከአገሩ ርቆ ለባዕድ ልጅ ይህን ያደረገ ሠራዊት፣ በገዛ ሰፈሩ ለጎረቤቱ ልጅ ምን የማያደርገው አለ?

ከአካባቢያችንም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ውስጥ ነው። ካስተማሯቸው መኮንኖች አንዱ ኋላ ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ ነበሩ። እኒሁ መኮንን በፊደል ሠራዊት ዘመቻ ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ደከሙ፤ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም ተቀላቅለው፣ ሕዝቡ አዋጥቶ ትምህርት ቤትና መንገድ እንዲሠራ ቀሰቀሱ። የደንብ ልብስ ለብሶ ሕዝብን ማገልገል ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚወስደው መንገድ ላይ ሚኒባስና የጭነት መኪና ሲጋፋ ይውላል። ሰው ሲገጭ ሁላችንም እንከበዋለን። አንዱ ውኃ ያጠጣዋል፣ ሌላው እጁን ይዞ ሊያስነሳው ይታገላል፤ ሁለቱም ሊጎዱት ይችላሉ። ሠራዊት ቤት ድሬሰር የነበረ ሰው ግን የሚያደርገውን ያውቃል። ንጹሕ ጨርቅ አጥፎ የሚደማው ላይ በመዳፉ አጥብቆ ይጫናል። ደሙ ቆመ ወይ ብሎ ጨርቁን አይገልጥም፤ ከራሰም ሌላ ይደርብበታል እንጂ የፊተኛውን አያነሳም። አንገቱ ወይም ወገቡ የተጎዳ ከመሰለው አያንቀሳቅሰውም። ያኔውኑ አንድ ሰው በጣቱ ይጠቁምና «አንተ፣ 907 ደውል» ይላል። «አንድ ሰው ይደውል» ቢል ማንም እንደማይደውል ከልምድ ያውቃላ! ይህን ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ለረዳቶች፣ ለሱቅ ልጆች ለማሳየት ግማሽ ቀን ይበቃል።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ቱቦ የሚያስጠርግ፣ በጎርፍ ጊዜ የትኛው ቤት ውስጥ አቅመ ደካማ እንዳለ ቀድሞ የሚመዘግብ ሰውም ያስፈልገናል። ጓድ መርቶ የሚያውቅ ሃምሳ አለቃ ይህን ለማደራጀት ከማንም ትምህርት አይጠብቅም።

እናንተም ጎረቤቶች፣ ዕዳ አለብን። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ገብተዋል። የቀን ሥራ የሠሩ አሉ፣ ዘበኛ የሆኑ አሉ፣ ቁስላቸውን ይዘው ዝም ያሉ አሉ። ብቻውን የሚኖረውን ጋሼን ማን ይጠይቀዋል? የጡረታ ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ወጣቱ አብሮት ይሂድ። ሐኪም ቤት ሲተኛ፣ ከመሞቱ በፊት ዕድሩ ይድረስለት። ሬሳ ለማንሳት ብቻ የተቋቋመ ዕድር የለንም፤ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ከጎደለ ዛሬ እንጨምርበት።

ስለዚህ ጥሪዬ ይህ ነው። ሻምበል፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሲስተር፣ ሾፌርና መካኒክ የነበራችሁ ሁሉ፣ በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም ባንዲራ ሥር ብታገለግሉም፣ ስማችሁንና ሙያችሁን ለዕድራችሁ ጸሐፊ አስመዝግቡ። የዕድር ዳኞች፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙ፤ አዳራሹን በወር አንድ እሑድ ለሥልጠና ልቀቁ። ወጣቶች፣ መዝገቡን እናንተ ያዙ፣ ጎዝና ፋሻ የምትገዙበትን መዋጮ ሰብስቡ። መጀመሪያ የሚሠለጥኑት ፌርማታው ላይ የሚውሉት ልጆች ይሁኑ። ክረምቱ ሳይገባ እንጀምር፣ ተነሱ!