ወተቷን እንጂ ላሟን ያላዩ ልጆች

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገሬ ሰው። በእኔ ቤት ነገሩ ተገልብጧል። ልጆቼ ወተቷን በየማለዳው ያያሉ፤ ላሟን ግን አያውቋትም።

ይህን የተረዳሁት በትንሿ ልጄ የቤት ሥራ ነው። የቤት እንስሳ ሥላችሁ ኑ ተብለዋል። እሷም ላም ሣለች፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጀርባዋ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ። ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ ቀድታ መሆኑ ነው። «ሻኛዋስ?» አልኳት። «ሻኛ ምንድን ነው አባዬ?» አለችኝ።

እኔ የተወለድኩት ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። እናቷ የሞጣ ልጅ ናት። ከሁለት ጎጃሜ የተወለደች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሻኛ ምን እንደሆነ አታውቅም። ጥፋቱ የማን ነው? የእሷ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ትልቁ ልጄ እንኳ ቢቸናን አንድ ጊዜ አይቷታል። ያያት ግን አባቴ ያረፈ ጊዜ ነው። ሲነጋጋ ደረስን፣ ቀበርን፣ ሰልስቱን አውጥተን ተመለስን። ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። ዛሬ «ስለ ቢቸና ምን ትዝ ይልሃል?» ሲሉት ሁለት ነገር ይናገራል፤ ሴቶች ደረታቸውን ሲደቁ ማየቱን፣ አባይ በረሃ ላይ ደግሞ ማስመለሱን። ለእሱ አገር ቤት ማለት ሰው ሲሞት የሚኬድበት ቦታ ነው።

ይህ የኔ ቤት ጉድ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደባባይ ባላወጣሁት። ግን እስቲ አዲስ አበባ የምንኖር የክፍለ ሀገር ልጆች ራሳችንን እንጠይቅ። ልጆቻችን የተወለድንበትን አገር ስንቴ አዩት? ያዩትስ በምን ቀን ነው?

እርግጥ ቢቸና ጓሮ አይደለችም። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል ወደ 265 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ለመግባት ደግሞ 370 ገደማ ይሆናል። ድሮም ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱበት መንገድ አልነበረም። አሁን ደግሞ የባሰ መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ሰሞን ወዲህ፣ በግጭቱ የተነሳ፣ ልጆችን አሳፍሮ ወደዚያ ለመጓዝ ልቤ አልደፈረም። «ልጆቹን መቼ ነው የምታሳየኝ?» ትለኛለች እናቴ፣ ስልክ በገባ ቀን። «መንገዱ ሰላም ይሁንና» እላታለሁ።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ሌላም አለ። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜስ ምን ነበር የምላት? «ክረምቱ ይውጣና»፣ «ፋሲካ ይለፍና»፣ «ትምህርት ይዘጋና»። ዛሬ መንገዱን አመካኛለሁ እንጂ ስንፍናዬ ከግጭቱ በዕድሜ ይበልጣል።

ታዲያ በዚያ የላም ሥዕል ማግስት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ወተት የሚያመጣልን ሰው ሱሉልታ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው። እሱ የኛን በር ያውቃል፣ የልጆቼን ስም ያውቃል፣ ማን ታሞ እንደነበር እንኳ ያውቃል። እኛ ግን ቤቱን አናውቅም። ከብቶቹ ስንት እንደሆኑ ጠይቀነው አናውቅም። «እሑድ ልጆቹን ይዤ ልምጣ ወይ?» አልኩት። ሳቀ። «ምን ሊያዩ?» አለኝ። «ላሟን» አልኩት። «እንግዲያው ኑዋ!» አለ።

ከቅዳሴ መልስ ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ተሳፈርን። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ደፍታ፣ ቡናና ስኳር ይዛለች። ዳገቱን ስንወጣ በባሕር ዛፉ ጥግ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። «ይሄን ሁሉ ተሸክመው የት ነው የሚሄዱት?» አለ ልጄ። «ወደ እኛ» አልኩት። ዝም አለ። ለካ እንዲህ ያለ ጥያቄ በመኪና መስኮት በኩልም ይገባል።

ያን ቀን የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ላሟ ዲቃላ ሆና ተገኘች፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሻኛዋም እዚህ ግባ የማይባል። «አየህ አባዬ! ልክ ነበርኩ!» ብላ ልጄ አሸነፈችኝ። ሻኛውን ያገኘነው ከበሬው ላይ ነው። እየፈራች ዳሰሰችው። ወንድሙ ደግሞ አልባለሁ ብሎ ሲታገል ቆይቶ ከጣሳው ሥር የምታህል ወተት አወጣ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ኩበት አይተው አፍንጫቸውን ያዙ፤ ቡናው የፈላው በእሱ መሆኑን ሲያውቁ እጃቸውን አወረዱ።

ከሁሉ ያልረሳሁት የባለቤቱን ልጅ ጥያቄ ነው። ከኔ ልጅ ጋር እኩያ ናት። በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ ሲጫወቱ ቆዩና «እናንተ ቤት ላም ከሌለ ጠዋት ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ መልስ አጣች። እኔም እስካሁን ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መልስ አላገኘሁም።

ወደ ማታ ከቤቱ በታች ወዳለው ጅረት ወረድን። እንጦጦ ውኃ ከፋይ ተራራ ነው። በደቡብ ፊቱ የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በሰሜን በኩል ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚወርደው በሲቢሉ አድርጎ ሙገርን፣ በሙገርም አባይን ይቀላቀላል። አባይ ደግሞ ጎጃምን ከቦ የሚሄድ ወንዝ ነው። «ይሄ ውኃ የእማማን አገር ጫፍ ነክቶ ያልፋል» አልኳቸው። ልጄ ቅጠል ጣለችበት። «ሰላም በልልኝ» አለችው።

ያን ዕለት ያወጣነው ገንዘብ አንድ ሆቴል ገብተን ጭማቂና ኬክ ብንል ከምንከፍለው ያነሰ ነው። ግን ቁም ነገሩ ርካሽነቱ አይደለም። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ቤተሰብ ይዞ ከከተማ መውጣት ሲባል ቦታ ማየት ብቻ ሆኖብናል። ቢሾፍቱ ሄደን ከመዋኛ ገንዳው ሳንወጣ እንመለሳለን፤ ገንዳውማ አዲስ አበባም አለ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ልጆች ቢያንስ ዛፍ ሥር መሮጥ ችለዋል፤ ይህ መልካም ነው፣ አላጣጥለውም። ዛፍ ግን «ደህና ናችሁ ወይ?» አይልም። ልጆቻችን የጎደላቸው ንጹሕ አየር ብቻ አይደለም፤ ገጠር የሚያውቁት ሰው የላቸውም።

አባቶቻችን ለዚህ ጉዞ ስም ነበራቸው፤ ጥየቃ ይሉታል። ሰው የሚወጣው ዘመድ ሊጠይቅ፣ ክርስትና ሊያነሳ፣ የታመመ ሊያይ ነው። መልክዓ ምድሩን የሚያየው በዚያው ነው። በኛ ጊዜ ቢቸና ለትምህርት የገባ የገጠር ልጅ ቤት ተከራይቶ ነበር የሚማረው። ዓርብ ከሰዓት ደወሉ ሲደወል እግሩ ወደ ገጠር ነው። ቅዳሜን አባቱን ሲያግዝ ይውልና እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል፤ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን። ያንን ጉዞ ማንም መዝናኛ አላለውም። ግን በየሳምንቱ ከተማውንና ገጠሩን የሚሰፋ መርፌ ነበር። እኛ አዲስ አበባ ገብተን ስንቁ በባንክ ሲሆን መርፌው ጠፋ።

«የድሃ ገበሬ ቤት እየሄዱ ማስቸገር ምን የሚሉት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሳይጠሩ እየገቡ ካሜራ መደገን ነውር ነው። የሰው ልጅ ንፍጡን ሳይጠርግ ፎቶ አንስቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅማ ከነውርም በላይ ነው። ግን ጥየቃ ወግ አለው። አስቀድሞ ያስጠይቃል። ባዶ እጅ አይሄድም። የቀረበለትን ይቀምሳል። ዋናው ደግሞ ብድር ይመልሳል። የወተት ደንበኛችንን ልጅ ለገና ጠርተናታል፤ ያኔ ልጄ ከተማውን ታሳያታለች፣ እስቲ ጠዋት ጠዋት ምን እንደምንሠራም ትንገራት።

«ፀጥታውስ?» የሚለኝ ደግሞ የበለጠ እውነት አለው። ስለዚህም ነው ቅርብ፣ የሚያውቁት ሰው ያለበት፣ በጊዜ የሚመለሱበት ይሁን የምለው። ሾፌር ይጠየቅ፣ ባለቤቱ ይጠየቅ፤ «ዛሬ ይቅር» ካለ ይቅር። የሄድንበት ሰው ከማንም በፊት ስለኛ ይጨነቃል።

«ጊዜ የለንም» ለሚለኝ ግን መልስ የለኝም፤ እኔም ስለው የኖርኩት ነውና። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቅርቡ ገጠርም እየራቀ ነው። ሱሉልታ ራሷ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ሆናለች። የደንበኛችን ግጦሽ በአንድ ወገን አጥር፣ በሌላው ወገን የሕንፃ ጅምር ገብቶበታል። «የሚቀጥለው ዓመት ላሟን የት እንደማሰማራት እንጃ» አለኝ። ልጆቻችን ላሟን ሊያዩ ሲደርሱ ላሟ ላትኖር ትችላለች።

ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻም አይደለም። ባለቤቴ ሞጣ ተወልዳ፣ ሞጣ ተምራ፣ ሰባራ ድልድይን አይታው አታውቅም። «ቅርብ ነው ስንል ቀረ» ትላለች። ሰባራ ድልድይ ከሞጣ ወደ አባይ ወርደው የሚያገኙት፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ፣ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት ተሻጋሪው በወገቡ ገመድ አስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ያሉ ሰዎች ይዘውለት፣ በተጎመደው ላይ እየተንጠለጠለ ይሻገር ነበር። የዚህ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጥቶ ያየ አንድ አሜሪካዊ በ2001 እ.ኤ.አ. ተነሳስቶ በማግስቱ ዓመት ድልድዩ ተጠገነ፤ በኋላ ጎርፍ ሲወስደው ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ይህን ታሪክ የሞጣ ልጅ ከመጽሔት ሳይሆን ከቦታው ሊሰማው ይገባ ነበር። ሰላም ሲሆን ባሕር ዳር ያለ አባት ሞጣን በ120 ኪሎ ሜትር ያገኛታል። የቢቸና ልጅ ዲማ ጊዮርጊስን፣ የደብረ ወርቅ ልጅ ማርያምን ደጁ ላይ አድርጎ ከርቀት የመጣ ቱሪስት ቀድሞት ማየቱ ያሳፍራል።

ከሰባራ ድልድይ የምማረው ግን ሌላ ነው። ያ ሕዝብ ድልድዩ እስኪጠገን ዘመድ መጠየቁንና ገበያ መሻገሩን አልተወም። ገመድ ፈለገ። ገመዱን የሚይዝለት ሰውም በወዲያኛው ዳር አላጣም። ዛሬ በኛና በአገራችን መካከል ያለው መንገድ ተጎምዷል። ጠመንጃ የያዙ ወገኖች ሁሉ ይህንንም ከጥፋቱ ዝርዝር ውስጥ ይጻፉት፤ ልጆቻችን ጎጃምን በዜናና በለቅሶ ብቻ እያወቁት ነው። እኛ ግን መንገዱ እስኪጠገን ሱሉልታ ላይ ገመድ መዘርጋት እንችላለን። የሱሉልታን ገበሬ ቤት የለመደ ልጅ ነገ ቢቸና ሲገባ አፍንጫውን አይዝም።

ያን እሑድ ማታ ልጄ ለእናቴ ደወለች። ላሟን፣ በሬውን፣ ሻኛውን፣ ኩበቱን አንድ በአንድ አወራቻት። እናቴ ስታዳምጥ ቆየችና «እኔም ቀይዋ ላሜ ጥጃ ወልዳልኛለች፤ ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ፣ መጥተሽ ስም አውጪላት» አለቻት። ልጄ ስልኩን ዘግታ «አባዬ፣ መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

አሁን ልጄ ላም አላት። በሰማይ ሳይሆን በቢቸና። ጥጃዋ ጊደር ሆና ሳትወልድ ብንደርስላት ምንኛ ደስ ባለኝ። እስከዚያው ግን እሑድ መጥቷል፤ ሚኒባሱም አዲሱ ገበያ ቆሟል።