መሣሪያ ያልያዘው ሠረገላ ነጂ

በማሃባራታ ታሪክ፣ ከታላቁ ጦርነት በፊት ሁለት ሰዎች የክሪሽናን እርዳታ ሽተው ወደ ድዋርካ ይሄዳሉ። የካውራቮች መሪ ዱርዮዳና ቀድሞ ደርሶ በተኛው ክሪሽና ራስጌ ይቀመጣል፤ የፓንዳቮች ወገን የሆነው አርጁና ግርጌ ይቆማል። ክሪሽና ሲነቃ አስቀድሞ ያየው ግርጌ የቆመውን ነውና የመጀመሪያውን ምርጫ ለእርሱ ይሰጣል። በአንድ በኩል ታላቅ ሠራዊት፣ በሌላ በኩል መሣሪያ የማያነሣ፣ የማይዋጋ ክሪሽና ብቻውን። አርጁና ክሪሽናን መረጠ፤ ዱርዮዳናም ሠራዊቱን ይዞ ደስ እያለው ተመለሰ።

ከዚህ ትዕይንት ተነሥተው ብዙዎች የሚደርሱበት ፍርድ የታወቀ ነው፤ አምላክ ይመክራል እንጂ አይዋጋም፣ ልጓሙን ይይዛል እንጂ ፍላጻውን አይወረውርም፤ ስለዚህ የፈሰሰው ደም ዕዳው የሰው ነው። ባጋቫድ ጊታም ለዚህ አባባል ድጋፍ የሚሰጥ ይመስላል። በ18ኛው ምዕራፍ ክሪሽና ምክሩን ከጨረሰ በኋላ አርጁና ነገሩን መርምሮ እንደ ፈቃዱ እንዲያደርግ ይተውለታል። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በ11ኛው ምዕራፍ፣ ጠላቶቹ በእርሱ ዘንድ ሞተው ያለቁ መሆናቸውን አሳይቶት፣ ከአርጁና የሚፈለገው መሣሪያ መሆን ብቻ እንደ ሆነ ነግሮታል። ይህን ካየ ሰው የሚጠበቀው ነፃ ምርጫ ምን ያህል ነፃ ነው?

በእኔ እምነት፣ ምክርንና ጣልቃ ገብነትን እንዲህ አጥርቶ መለየት ለአንባቢው ሕሊና ይመቻል እንጂ ከድርሰቱ ጋር አይስማማም። የጦርነቱን 18 ቀናት የሚተርኩት መጻሕፍት ሌላ ነገር ይናገራሉ። አርጁና አያቱን ቢሽማን በሙሉ ልብ መውጋት ባቃተው ጊዜ ክሪሽና ተቆጥቶ፣ ስለታሙን ቻክራ አንሥቶ ከሠረገላው ይወርዳል። አርጁና ሮጦ እግሩን ይዞ፣ እየተጎተተ፣ በአሥረኛው እርምጃ ላይ ያስቆመዋል፤ መሐላውንም ያስታውሰዋል። አምላክን ከጣልቃ ገብነት የሚከለክለው እዚህ ላይ ሰው ነው።

መሣሪያ ሳይነካ ያደረገውም ጥቂት አይደለም። ካርና የወረወረው የእባብ ፍላጻ ወደ አርጁና አንገት ሲመጣ ሠረገላውን ወደ መሬት ተጭኖ ዝቅ ያደርገዋል፤ ፍላጻው ዘውዱን ብቻ ይወስዳል። በብዙዎቹ ቅጂዎች ደግሞ ጃያድራታ እንዲገደል ፀሐይን ይጋርዳል። መጽሐፈ ኢያሱን ያነበበ ሰው በገባዖን ላይ የቆመችውን ፀሐይ ማስታወሱ አይቀርም፤ ሆኖም በዚያ እግዚአብሔር በግልጽ ይዋጋል፣ በዚህ ግን ድርጊቱ እንደ ብልሃት ተሸፍኖ ያልፋል።

ከሁሉ የሚከብዱኝ ግን በምክር ብቻ የተፈጸሙት ናቸው። ድሮና በጦር አልሸነፍ ባለ ጊዜ ልጁ አሽዋታማ እንደ ሞተ ይነገረው ዘንድ የመከረው ክሪሽና ነው። የሞተው በዚሁ ስም የሚጠራ ዝሆን ነበር። ሐሰት ተናግሮ የማያውቀው ዩዲሽቲራ ቃሉን ተናገረ፤ ዝሆን የሚለውን ግን በለሆሳስ ዋጠው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አራት ጣት ያህል ከምድር ከፍ ብሎ ይሄድ የነበረው ሠረገላው ያን ጊዜ መሬት ነካ። የመካሪው ሠረገላ እንደ ወረደ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ቢማም በዱላ ግጥሚያ ከእምብርት በታች መምታት ክልክል ሆኖ ሳለ የዱርዮዳናን ጭን የሰበረው ከክሪሽና ምክር በኋላ፣ አርጁና የገዛ ጭኑን መትቶ ምልክት ሲሰጠው ነው። ምክር እጅን ንጹሕ አድርጎ ኃጢአቱን ለሌላ የሚያሸክም ከሆነ፣ ከሰይፍ ይልቅ የሚያስፈራ ጣልቃ ገብነት አይደለምን?

ጦርነቱ ሲያበቃ ክሪሽና አርጁናን ከሠረገላው ቀድሞ እንዲወርድ ያዘዋል። እርሱ ተከትሎ እንደ ወረደ ሠረገላው በእሳት ተያይዞ አመድ ሆነ። በድሮናና በካርና መሣሪያዎች አስቀድሞ ተቃጥሎ ነበር፤ ሳይፈርስ ያቆየው የክሪሽና በላዩ መቀመጥ ብቻ ነው። እንግዲህ «አልተዋጋም» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው?

እውነት ነው፣ ጦርነቱ ሳይጀመር ክሪሽና ራሱ የሰላም መልእክተኛ ሆኖ ሄዷል፤ ዱርዮዳና ነው እምቢ ያለው። ነገር ግን መቶ ልጆቿን ያጣችው ጋንዳሪ በዚህ አልተጽናናችም። በሬሳዎቹ መካከል ቆማ፣ ማስቀረት ስትችል ዝም አልህ ብላ ከሰሰችው፤ በ36ኛው ዓመት የገዛ ወገኖቹ እንዲያልቁ ረገመችው። ክሪሽና ልጇን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ ብሎ ወቀሳውን መለሰላት። ሆኖም መሣሪያ አልያዝሁም ብሎ አልተከራከረም፤ እርግማኑንም ተቀበለ። ዓመቱ በደረሰ ጊዜ ዘመዶቹ እርስ በርሳቸው ተላለቁ፤ እርሱም በዱር ውስጥ ተጋድሞ ሳለ አጋዘን መስሎት የነበረ አዳኝ እግሩን በፍላጻ ወጋው።