መሬቱ ሳይጠቀጠቅ መሠረት አይጣልም!



ለሕፃናት ማቆያና ለዕድር አዳራሽ የሚሆነው ቤት መሠረቱ የሚጣልበት ቀን ተቃርቧል። በየወሩ ከየጓዳችን ቀንሰን ያዋጣነው ብር አሁን አፈር ሊገባ ነው። እንዴት ይግባ በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም። አንዳንድ አባላትና ሥራውን የያዙት ኮንትራክተር «ክረምት ሳይገባ ቶሎ እንሙላውና መሠረቱን እንጣል፤ የመጠቅጠቂያ ማሽን ኪራይ ትርፍ ወጪ ነው» ይላሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። መሬቱ ተዳፋት ነው። የላይኛው ወገን ትንሽ ሲቆፈር ጠንካራ መሬት ይገኛል። የታችኛው ወገን ግን ለብዙ ዓመት የፍርስራሽ፣ የቁፋሮ አፈርና የቆሻሻ መድፊያ ሆኖ የኖረ ነው። ከሥሩ ያለውም ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ነው። ዋልካን የማያውቅ የለም፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ታዲያ አንድ ቤት ግማሹ በጠንካራ መሬት፣ ግማሹ በልል ሙሌት ላይ ቢቆም ምን ይሆናል? የላዩ ባለበት ይቀራል፣ የታቹ ይወርዳል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ሙሌት ከመቶ አምስት እጅ ቢቀመጥ አምስት ሳንቲም ሜትር ወረደ ማለት ነው። አምስት ሳንቲም ወለል ይሰብራል፣ በር አላስዘጋ ይላል፣ የውሃ ቧንቧ ይቆርጣል። ከዚያ ወለል ላይ የሚተኙት ደግሞ የእኛው ልጆች ናቸው።

«ዝናቡ ራሱ ይጠቀጥቀዋል» የሚሉ አሉ። እንዴ! መንገድ ተቆፍሮ ቧንቧ ሲቀበርና አፈሩ እንዲሁ ሲመለስ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተን የለ? አንድ ክረምት ሳይሞላው ቦዩን ተከትሎ መንገዱ ይጎደጉዳል፣ ውሃ ያቁራል። ዝናቡ አፈሩን አስቀምጦታል፣ እውነት ነው። ያስቀመጠው ግን ላዩ የተሠራውን ይዞ ነው። እኛስ ዝናቡ የሚጠቀጥቅልን ቤቱን ከነጣሪያው ካቆምን በኋላ ነው?

«ብረት እንጨምርበት» የሚሉም አሉ። ብረቱና ሲሚንቶው የሚቀመጡት አፈሩ ላይ ነው። ያለ መሐንዲስ ስሌት፣ በግምት የተጨመረ ብረት ወጪና ክብደት ይጨምራል እንጂ ከሥሩ ያለውን አፈር አያጠነክርም።

ሦስተኛው ንግግር «አባቶቻችን መቼ መሬት ጠቀጠቁ?» የሚለው ነው። ይሄ አባቶችን አለማወቅ ነው። ገበሬው ለጥቂት ሳምንት እህል ሊወቃበት እንኳ አውድማውን ይጠርጋል፣ በከብት ያስረግጣል፣ በእበት ይለቀልቃል። የጭቃ ቤት ወለልም ውሃ እየተረጨ ይደለደላል። ደግሞም የጭቃ ቤት ቀላል ነው፤ ትንሽ ቢዘም ይቃናል፣ ቢሰነጠቅ ይመረጋል። የብሎኬት ግድግዳ ግን አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ሥሩን ያላመቻቸ ትልቅ ሥራ ምን እንደሚገጥመው ለማየትም ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። አክሱም ላይ ተሰባብሮ የተኛው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት እንዳለው ይገመታል። ተመራማሪዎች ሲተከል ወይም እንደተተከለ ወዲያው ሳይወድቅ አልቀረም፣ መሬት ውስጥ የገባውም ሥሩ ለቁመቱ የሚበቃ አልነበረም ይላሉ። እንዲያ ያለ ጥበብ የነበራቸውን ሰዎች ሥር ካሸነፋቸው፣ እኛን ማን ማረን?

እንግዲህ መደረግ ያለበት ይህ ነው፦

1. የላዩ አፈር ከነሣሩ፣ ከነሥሩና ከነቆሻሻው ተጠርጎ ይውጣ። ፍርስራሹም እንደዚሁ። ዋልካው ጥልቅ ከሆነ ምን ያህል እንደሚወጣ መሐንዲስ ይወስን።

2. የግንቡ መሠረት በሙሌት ላይ አይቀመጥ፤ ጠንካራው የተፈጥሮ መሬት እስኪገኝ ይቆፈር። ሙሌቱ ለወለሉ ነው።

3. ሙሌቱ ገረጋንቲ ወይም ሳይት ላይ ሰሌክት የሚባለው አፈር ይሁን። ከቁፋሮ የወጣው ጥቁር አፈር ተመልሶ አይግባ።

4. ገልባጭ መኪና አንድ ሜትር ከምሮ አይሂድ። አፈሩ በየ20 ሳንቲም ሜትሩ ይነጠፍና ይጠቅጠቅ፤ በእጅ መጠቅጠቂያ ከሆነ ከዚያም ይሳሳ። ማሽን የሚመታው የላዩን ነው፣ ኃይሉ ጥልቀት ላይ አይደርስም። ጥጋጥጉና የግንቡ ዳር ዳር አይረሳ።

5. እርጥበቱ በልኩ ይሁን። ፕሮክተር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ አፈር በደንብ የሚጠቀጠቅበት የራሱ የውሃ ልክ አለው። ደረቅ አፈር አይያያዝም፣ የጨቀየ አፈር ደግሞ እንደ ጎማ ይነጥራል። በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ መዳፍን ግን የማያጨቀይ ከሆነ ወደ ልኩ ቀርቧል።

6. እያንዳንዱ ንጣፍ በባለሙያ ይለካ። በቤተ ሙከራ ከተገኘው ከፍተኛ እፍጋት ቢያንስ 95 ከመቶ መድረሱ ሳይረጋገጥ ቀጣዩ አይነጠፍ። ሌሊት ዝናብ ቢመታው ጭቃው ተጠርጎ እንደገና ይጠቅጠቅ።

7. ቤቱ ካለቀ በኋላም የጣሪያና የጎርፍ ውሃ ከመሠረቱ እንዲርቅ ቦይ ይሠራ።

ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል፤ አንክድም። ክረምቱ ከቀደመንም ይቅደመን፣ መስከረም ይመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የማሽን ኪራይ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል፤ የተሰነጠቀ ቤት ግን በየዓመቱ ያስከፍላል። ያን ጊዜ ደግሞ ኮንትራክተሩ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፣ መዋጮው ወደ እኛው በር ይመለሳል።

ስለዚህ እሁድ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ነገር እንዲወሰን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የአፈር ምርመራ ሳይደረግ ሥራው እንዳይጀመር። ሁለተኛ፣ የየንጣፉ የልኬት ውጤት በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍና ውጤቱ ሳይታይ የሙሌት ክፍያ እንዳይፈጸም። ሦስተኛ፣ ሙሌቱ ሲነጠፍ ከነዋሪው ሁለት ሰዎች በተራ እንዲቆሙ። እናቶችም አባቶችም ወጣቶችም ኑና ድምፃችሁን ስጡ። ቀርቶ ከርሞ ማማረር፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የማህበሩ ፀሐፊ