የተመረመረው ለአገሩ ሰው ይነገር

ሰው ሳይመዝን በግምት ቢፈርድ ይሳሳታል፤ መርምሮ ያገኘውንም ሸሽጎ ቢያስቀምጠው እንዳልመረመረ ይቈጠራል። ስለዚህ የምርምር ሥራ ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው መመርመር፥ ሁለተኛው የተመረመረውን ለሚጠቀምበት ሰው ማስታወቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ወገን በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ብዙ እንደሚቀረው ለባለ ሥልጣኖችና ለሊቃውንት ልናሳስብ እንወዳለን።

ደብረ ታቦር ለጥበብ እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ቴዎድሮስ በአጠገብዋ ባለችው በጋፋት የአውሮፓ ሰዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከዚያ የወጣው ታላቁ ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተሳበ መቅደላ ደረሰ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ ግን የጋፋት ሥራም አብሮ ቀረ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ ይታያል፤ ጥበቡ ግን በአገሩ ሥር ሳይሰድ ቀርቷል። በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ያለ ዕውቀት ከሰዎቹ ጋራ ይሄዳልና።

ዛሬ በከተማዪቱ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ። በእንዲህ ያለው ቤት የፊዚክስ መምህሩ ስለ ኳንተም ዶት፥ ሐኪሙ ስለ ተማሪዎቹ ምዘና፥ የእርሻ ዐዋቂው ስለ እህል ይመረምራል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፥ ገበሬው እንጀራ ሲያንሰው የኳንተም ዶት ነገር ምን ያደርጋል? ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና እንመልስበት።

ኳንተም ዶት ማለት ኤሌክትሪክን በከፊል ከሚያስተላልፍ ነገር የተሠራ፥ ስፋቱ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ጥቂት እጥፍ የሆነ ቅንጣት ነው። አንድ ዓይነት ነገር ሆኖ ሳለ፥ መጠኑ ሲያንስ ወደ ሰማያዊ፥ ሲተልቅ ወደ ቀይ የሚያደላ ብርሃን ይሰጣል። ስለዚሁ ሥራ ሙንጊ ባዌንዲ፥ ሉዊስ ብሩስና አሌክሲ ኤኪሞቭ በ2023 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ቀለም ለማጥራት ያገለግላል። ብዙው ክፍል በሒሳብና በኮምፒዩተር ሊመረመር ስለሚችል ውድ መሣሪያ የሌለው መምህር እንኳ ከዓለም ሊቃውንት ጋራ ሊሳተፍበት ይችላል። እንጀራ አይሆንም ብሎ መንቀፍ አይገባም፤ የዘንድሮን መኸር እንዲያበዛ መጠበቅም አይገባም።

የተማሪዎች ምዘና ግን ነገሩ ቅርብ ነው። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር በጋይንት ወዳለችው ወደ በተልሔም ሄዶ ሳያስመሰክር መምህር እንደማይባል ካህናት ያውቃሉ። ለሐኪምም እንዲሁ ነው። ሮናልድ ሃርደን የተባለው የስኮትላንድ መምህር በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳወቀው ሥርዓት፥ ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እያለፈ በእያንዳንዱ የተወሰነ ሥራ ሲሠራ፥ ፈታኙ አስቀድሞ በተጻፈ መመዘኛ ይመዝነዋል፤ የፈታኙ ፊትና ወዳጅነት እንዳይፈርድ ነው። ፈተናው ደካማ ቢሆን ዕዳውን የሚከፍለው ተማሪው አይደለም፤ በሽተኛው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው የእህሉ ነገር ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጉና ተራራ ዙሪያ፥ ይልቁንም በፋርጣ፥ ብዙው መሬት አሲዳማ ሆኗል። የዝናቡ ብዛት ካልሲየሙን አጥቦ ሲወስደው በአፈሩ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የአዝመራውን ሥር ያቀጭጨዋል፤ የማዳበሪያውንም ፎስፎር አፈሩ ይይዘዋል። ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ ማዳበሪያ ይዘራል፥ እህሉ ግን ብዙውን አያገኘውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ነገር ግን ልኩ በአፈር ምርመራ እንጂ በዓይን አይታወቅም፤ ያነሰው አያድንም፥ የበዛውም ይጎዳል። ከስንዴና ራይ ከሚባለው እህል የተዳቀለው ትሪቲካሌም እንዲህ ያለውን አፈር ከስንዴ ይልቅ ስለሚችል በዚያው ደጋ ይዘራል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ምርምር አብዛኛው በእንግሊዝኛ ይታተማል። የዓለም ሊቃውንት እንዲፈትኑት ይህ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በዚያ ብቻ ሲቆም፥ ስለ ፋርጣ አፈር የተጻፈውን የባሕር ማዶ ሰው ያነበዋል፥ የፋርጣ ገበሬ ግን አይሰማውም። ይህ የጋፋትን ነገር መድገም ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንላለን። መጀመሪያ፥ ማናቸውም ጥናት ሲፈጸም አንድ ገጽ የአማርኛ መግለጫ ይጻፍለት፤ ይህም ለመምህሩ እድገት እንደ ሥራ ይቈጠርለት። ሁለተኛ፥ የእርሻና የጤና መሥሪያ ቤት ሹሞች መግለጫው ሲደርሳቸው ምን እንዳደረጉበት በጽሑፍ ይመልሱ፤ መልስ የሌለው ጥናት ተልኮ እንዳልደረሰ ደብዳቤ ነው። ሦስተኛ፥ ግእዝ የተማሩ ሊቃውንት ለአዲሱ ነገር ቃል በመፈለግ ይርዱ፤ ገበሬው ምክራቸውን ይሰማልና ስለ አፈሩ የተረጋገጠውን በሰንበት ጉባኤ ያስረዱት።

አማርኛ ይህን አይችልም የሚል ቢኖር፥ ያልቻለው ቋንቋው ሳይሆን ትጋታችን መሆኑን ይወቅ። ዕውቀት እንደ ዘር ነው፤ በጎተራ የተቀመጠ ዘር ቢበዛም አዝመራ አይባልም።