ትልቁን ጊምባል ለማን ብለህ ትሸከማለህ?

ሁርሶ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው የወታደር ማሰልጠኛው ነው፡፡ ለድሬ ቪዲዮ ቀራጮች ግን ሁርሶ ማለት ሰርግም ነው… ፀሐይ፣ አቧራ፣ ጠጠር፣ ሙሽራውን ተከትሎ በእግር መንከራተት፡፡ (ወደ ማሰልጠኛው ብቻ ካሜራ አታዙሩ!)

እናም የእቁብ ዕጣ የወጣለት ልጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፡- «የትኛውን ስታቢላይዘር ልግዛ?» ጓደኞቹ ቀድመው መልሰውለታል፤ ትልቁን! እኛ ደግሞ አይሆንም እንላለን፡፡

ለምን ቢሉ፣ የጊምባል ሦስት ሞተሮች የሚያርሙት የካሜራውን መዞር፣ ማቀርቀርና ወደ ጎን ማዘንበል ነው፡፡ በየእርምጃው መላው ካሜራ ከፍ ዝቅ ሲል ግን የሚያድኑት ነገር የለም፡፡ እሱን የሚያለዝበው አረማመዳችሁ ነው፤ ጉልበት ትንሽ አጠፍ፣ ከተረከዝ ወደ ጣት ቀስ ብሎ መርገጥ፡፡ አለዚያ ውድ ጊምባል የያዘ ሰው ቪዲዮ ግመል ላይ ሆኖ የተቀረፀ ይመስላል፡፡

አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስቴዲካምን ሲሠራ ይህ ገብቶት ነበር፡፡ እርምጃውን ለሚውጥ ባለ ስፕሪንግ ክንድ ሰጠው፤ ክብደቱንም በትጥቅ አድርጎ ወገብ ላይ ጣለው፡፡ በ1976ቱ «ሮኪ» ፊልም ደረጃውን የወጣው ካሜራ እሱ ነው፡፡ የኛ ጊምባል ግን ስፕሪንግም ትጥቅም የለውም፡፡ ሸክሙ በሙሉ አንጓችን ላይ ነው!

በቁጥር እንየው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዲጄአይ አርኤስ 3 ፕሮ 4.5 ኪሎ ይሸከማል፤ ራሱ 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፡፡ በ2023 የመጣው አርኤስ 3 ሚኒ 2 ኪሎ ይሸከማል፤ ክብደቱ 800 ግራም ገደማ ነው፡፡ ካሜራህ ከነሌንሱ አንድ ኪሎ ከሆነ ያ 4.5 ኪሎ ለማን ነው? የ700 ግራም ልዩነት ሱቅ ውስጥ ምንም አይደለም፡፡ ሁርሶ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጭፈራው ገና ሲሟሟቅ፣ ያኔ እንነጋገር፡፡

ትንሹም ጣጣ አለው፤ ከአቅሙ በላይ ከጫኑበት ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፡፡ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ካሜራውን ከነሌንሱ፣ ከነማይኩ መመዘን ነው፡፡ ከፊራ ሚዛን ሞልቷል! ከገደቡ በታች ትንሽ ትርፍ ይኑር፡፡ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሳይበራ ሚዛኑን አስተካክላችሁ በእጅ አዙሩት፤ ካሜራው ባስቀመጡት ቦታ መቆም አለበት፡፡ ሲዞር ቢንኳኳ ወይም ቢያንገራግር ተዉት፡፡

በስልክ የምትቀርፁ… ቀን ቀን የስልኩ የራሱ ማረጋጊያ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጠርዙን ቆርጦ ምስሉን ማጥበቡን ከቻላችሁት፡፡ ማታ ግን ብዥታውን አይሰውረውም፡፡

ደግሞ ሰርጉ ሁሉ ካልተንሳፈፈ ማለትስ ምንድነው? ሽማግሌዎቹ ዱዓ ሲያደርጉ ጊምባሉ ወንበር ላይ ይረፍ፤ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቁም፡፡